እሳትና ውሃን የለየችው ጋስኬት

ለምወድህ ወንድሜ ለሌዮኔል፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለህልኝ? ሞንቴቪዴዮ ብርዱ ሳይገባ ወፍራም ካፖርት ገዛህ ወይ? የወገብህ ሕመምስ ተወህ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ እማዬን ብቻ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ስምህን ሳታነሳ ውላ አታውቅም። አባባ ግን፣ እንደምታውቃቸው፣ አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ ልከውልህ አያውቁም። ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚሁ ነውና ታግሰህ አንብበኝ።

መኪናችን ቫራዴሮ መንገድ ላይ በአንተ እጅ ፈልታ ከቆመችና አባባ «እንደ እብድ ነድተህ አቃጠልካት» ብለው ከተቆጡህ ወዲህ፣ አራት ጀሪካን ውሃ ጭነው ነበር ተሳፋሪ የሚያመላልሱባት። ዳገት በወጣች ቁጥር ቆመው ያጠጧታል። ተሳፋሪው «ኧረ አባት፣ እሷ ጠጣች፣ እኛስ?» እያለ ይስቅባቸዋል። ባለፈው ማክሰኞ ግን ስምንት ሰው እንደጫነች ድልድዩ አጠገብ ነጭ ጭስ ተፍታ ቀጥ አለች። ገፍተን መካኒኩ ጋሼ ኤቬልዮ ግቢ አስገባናት። «ስማ ኦሬስቴስ፣ ውሃ እያጠጣህ መሸንገሉ ይብቃህ፣ ሆዷ ይከፈት» አሏቸው አባባን።

ጋሼ ኤቬልዮ እጃቸው በእርጅና ስለደከመ ብሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሲነሳ ያየሁትን እንዴት ብዬ ልንገርህ! ቤንዚኑ የሚነድበት ጉድጓድ እዚህ፣ ውሃው የሚዞርበት ቀዳዳ እዚያው አጠገቡ፤ በሁለቱ መሃል ያለችው ከጥፍር የማትወፍር አንዲት ማሸጊያ፣ ጋስኬቷ፣ ብቻ ናት። ጋሼ ኤቬልዮ እንዳሉኝ ብረቱ ሲግል ያብጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፣ እሷም መኪናዋ በተነሳችና በቆመች ቁጥር መሃል ላይ ትታሻለች። ዓመት ሲቆጠር ልስላሴዋ አልቆ ትደርቃለች። የኛ ከተማ ውሃ ደግሞ ኖራ ነው፤ ዝገትና ኖራ ተባብረው ጠርዟን በልተውታል፣ ውሃውም በዚያ ሾልኮ እሳቱ ውስጥ ይገባል። እኔንም አንተንም ከማዋለጃ ቤት ወደ ቤት ያመጣችን ይህች መኪና ናት። ዕድሜ ልኬን ስሳፈርባት እሳትና ውሃ ከእግሬ ሥር እንዲህ ተቀራርበው እንደሚሄዱ አላውቅም ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ጋሼ ኤቬልዮ ጋስኬቷን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ ሲያደርጓት ሰማያዊ ቀለም ብቅ አለ። የበራችን ቀለም ነው! ለካ አባባ ድሮ ሞተሩን ሲከፍቱ አዲስ ጋስኬት ቢያጡ፣ ያችኑ አሮጌዋን አጥበው፣ ቀለም ቀብተው መልሰዋት ኖሯል። ጋሼ ኤቬልዮ ጮኹባቸው፤ «አንዴ የተጨፈለቀች ጋስኬት ሁለተኛ አትይዝም ብዬ አላስተማርኩህም? መቼ ነው ያደረግከው?» አባባ «ልጁ ቫራዴሮ መንገድ ላይ ከመቆሙ በፊት» አሉ። «ታዲያ ልጁን በምን ኃጢአቱ ነው ያኮረፍከው? እንኳን እሱ፣ መልአክ ቢነዳት ትፈላ ነበር!» አባባ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው ያችን ጋስኬት ሲያገላብጡ አመሹ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው ስለማላውቅ አንጀቴን በሉት።

አዲሷን ከመዳብ ቆርጠን ሠራናት። መዳብ በእሳት ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር እንደ ጨርቅ እንደሚለሰልስ ታውቅ ነበር? ብረት የሚጠነክርበት ነገር እሱን ያለሰልሰዋል፤ እስካሁን ይገርመኛል። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር ተራ በተራ አጠበቅኳቸው። ትናንት ካርዴናስ ደርሳ ስትመለስ አንድ ጠብታ ውሃ አልጠየቀችም።

እማዬ ዓይንህን ስማሃለች፤ ፎቶህን ላክ ብላለች። ጋሼ ኤቬልዮ እጅህ ዘይት እንዳይረሳ ብለውሃል። እኔም በጣም ናፍቀኸኛል። አባባን «ምን ልበልልዎ?» ብላቸው እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። ከታች ያለው የራሳቸው ጽሑፍ ነው።

ልጄ ሌዮኔል፣ መኪናዋን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። አባትህ።

ማታንዛስ፣ ማርች 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
እህትህ ኦዳሊስ