ከሊሙ ገነት የተመለሰው ሳህን

ውድ ሲሃም፣

አሰላሙ አለይኩም። ስልክ ቁጥርሽ እጄ ላይ እያለ ወረቀት መሙላቴ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። ሐዋሳ ላገኘሽው ቋሚ ሥራ ሻንጣሽን እያሰናዳሽ ነው ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

መጀመሪያ ያየሁሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ጂማ፣ ጊንጆ ሰፈራችን፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የሳሙና ድርጅታችሁ የማስታወቂያ መኪና ሰፈሩን በሙዚቃ ሲያናውጠው ባጃጄን ጥግ አስይዤ ቆምኩ። አንቺ በሂጃብሽ ላይ ቢጫ ኮፍያ ደፍተሽ፣ በትልቅ ሳፋ ነጭ ጨርቅ እያጠብሽ ታሳዪ ነበር። ሰው ለነጻ ሳሙና ይጋፋል፤ አንዷ ጎረቤታችን ጭራሽ ሻርፕ እየቀያየረች ደጋግማ ተሰለፈች። እኔ የማየው አረፋውን ነበር። ነፋሱ እያነሳ በሰዉ ራስ ላይ፣ በባጃጆቹ ላይ ያንሳፍፈዋል፤ አንዱ መጥቶ ክንዴ ላይ አረፈና ቀስ ብሎ ጠፋ። ተሳፋሪ ሲጠራኝ እንኳ አልሰማሁም።

እማዬ ያን ቀን የደረሳት ዱቄት ሳሙና ክዳን ባለው ቢጫ ሳህን ነበር። በማግስቱ ሳሙናውን ገለበጠች፣ ሳህኑን አጠበች፣ ከጓሯችን የለቀመችውን ቡና ሞላችበትና «ለልጅቷ መልስላት» አለችኝ።

«እማ፣ ናሙና እኮ ነው! ድርጅቱ ለማስታወቂያ ነው የሚያድለው። ሳህኑም አብሮ ነጻ ነው።»

«እኔ ድርጅት አላየሁም። በሁለት እጇ የሰጠችኝ የሰው ልጅ ናት። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ጭራሽ ማስቀረትማ፣ ያ ረቢ!»

መኪናችሁ ወደ ሊሙ ገነት ሄዷል ሲሉኝ ተሳፍሬ ተከተልኩ። አለቃሽ ሳህኑን ሲያይ ሳሙናው ተበላሽቶ ለአቤቱታ የመጣሁ መስሎት እንዴት እንደደነገጠ! አንቺ ሳቅሽ፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍተሽ ቡናውን ስታዪ ሳቅሽ ቆመ። «ስንት መንደር አድያለሁ፣ መልሶ የሰጠኝ ሰው አላየሁም» አልሽ። ቡናውን ቦርሳሽ ውስጥ ገልብጠሽ በምትኩ ሻምፖና የቁልፍ መያዣ ሞላሽበት። «እኔም የአጋሮ ልጅ ነኝ፣ ባዶውን አልሰድም» ብለሽ በሁለት እጅሽ ሰጠሽኝ።

ከዚያ በኋላ ያ ሳህን መቼ አረፈ! ከኛ ማር ይዞ ይሄዳል፣ ካንቺ ቲሸርት ይዞ ይመጣል። ቤታችን የድርጅታችሁን ሱቅ መሰለ። እማዬ የሳሙና ኮፍያ አድርጋ ቡና ስትለቅም ጎረቤት ሁሉ ይስቅባታል፤ እሷ ደንታም የላት። አንቺን ከበር ስታይ ደግሞ «ኮቱ፣ ነይ ግቢ!» ስትል ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። እኔ ያን ሰሞን ባጃጅ የነዳሁ አይመስለኝም፤ ባጃጁ ራሱ ነው የሄደው። ሰው መውረጃውን አሳልፌበት «አቦ፣ ተኝተሃል እንዴ?» ይለኛል። አልተኛሁም። ቡናው አብቦ መንገዱ ሁሉ ሲያውድ ያንቺ ሽታ ይመስለኝ ነበር እንጂ።

ማስታወቂያው ያለቀ ቀን፣ አጋሮ ቤታችሁ ስትመለሺ፣ መናኸሪያ ሸኘሁሽ። ሳህኑን የተረፉሽን ናሙናዎች ሞልተሽ ሰጠሽኝና «ሐዋሳ ቋሚ ሥራ ሰጥተውኛል፤ ልሂድ፣ ፋሂም?» አልሽኝ። ምን እንደጠየቅሽኝ ገብቶኛል። እኔ ግን፣ ዱዳው፣ «ጥሩ ዕድል ነው፣ መልካም መንገድ» አልኩሽ። ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ። መኪናው ከዓይኔ ከጠፋ በኋላም ሳህኑን እንደታቀፍኩ ቆሜ ነበር።

ሲሃም፣ እወድሻለሁ። የጂማ ልጅ እንዲህ አይጽፍም ትያለሽ፤ እኔ ጻፍኩት።

እማዬ ምግብ አልበላ ሲለኝ አይታ ማር ቆርጣ ሳህኑን ሞላችው። «ዕቃዋ እኛ ጋ ነው። አጋሮ እሄዳለሁ።»

«እማ፣ ለዚህ ሽማግሌ ነው የሚላከው፣ ወንዶች ናቸው የሚሄዱት።»

«ሽማግሌውን አጎትህ አባቦራ ኢንሻአላህ በኋላ ያመጣል። እኔ ሳህን መላሽ ነኝ፤ ሳህን ለሚመልስ ማን በር ይዘጋል?»

ይኸው እንግዲህ፣ አሁን ከእናትሽ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ዝናቡ የምታወራው እሷ ናት። ይህንንም ደብዳቤ በጓዳ በኩል እንድታቀብልሽ ለምኛታለሁ። እኔን ግን መግባት ነውር ነው ብላ ከቤታችሁ ፊት ለፊት ካለው ጁስ ቤት አስቀምጣኛለች።

ልብሽ ሐዋሳን ካለ እማዬን በፈገግታ ሸኚልኝ፤ ወላሂ አልቀየምሽም። ካልሆነ ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ውጪ። ያን ቀን መናኸሪያ አፌ ላይ የቀረውን መንገዱን ተሻግሬ ራሴ እነግርሻለሁ፦ አትሂጂ።

ፋሂም፣
ከበራችሁ ማዶ