የእማዬ ዘይት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
አባባ ዛሬም አሳ ጠበሱ። እማዬ ካረፈች ወዲህ የእሷን የቅዳሜ አሳ አላስታጎሉም... ዕድሜያቸውን ሙሉ ማዕድ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰው! ጥብሱ ከሰል መስሏል። ግን በላሁ። ጭሱ ሳሎን ድረስ ገብቶ ሲያስሉ ዋሉ።

ጣሳው ውስጥ ያለውን ዘይት አየሁት። ጠቁሯል።

"አባባ፣ ይሄ መቼ ነው የተቀየረው?"

"ይጨመርበታል እንጂ አይቀየርም። እናትሽ ያስቀመጠችው ነው።"



ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ምሳ ሰዓት ጓደኛዬን ወንጌላዊትን አገኘኋት። ነርስ ስለሆነች ጠየቅኳት። ዘይት ተደጋግሞ ሲሞቅ ውስጡ ጎጂ ነገር ይፈጠራል አለች። "ዝም ብሎ አይቀመጥም ሩትዬ፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ይነካካል። ልብ በይው፣ ደም ሥር በይው..." አባባ ደግሞ ግፊት አለባቸው። መላው ቀላል ነው ትላለች፦ አዲስ ዘይት፣ መለስተኛ እሳት፣ እንዳያጨስ፤ ጥብሱም ሳይጠቁር ማውጣት።

ለእሷ ቀላል ነው።

ረቡዕ
ልደፋው ጣሳውን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ነገርኳቸው። ተቆጡ። "እሷን ከቤቴ ልትደፊያት ነው?" ከዚያ ድምፃቸው ሰለለ። "ሲሞቅ እኮ እሷን እሷን ይለኛል፣ ልጄ..."

አብረን አለቀስን። አሳውን ለጎረቤት ሰጠን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ሳሙና ልገዛ ሙንተሃ ሱቅ ገባሁ። ሳላስበው ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሳቀች፤ እንባዋም መጣ።

"እናትሽ ካሰች ዘይት ልታሳድር? በየቅዳሜው ከእኔ ነበር ትንሽ ትንሽ የምትወስደው። 'ያደረ ዘይት ለባሌ ለደረሰ አላበላም' ትል ነበር።"

"ጣሳው ውስጥ ያለውስ?"

"ልትደፋው ያጠራቀመችው ነዋ!"

ሳትደፋው ሄደች። እማዬ...

ቤት እንደገባሁ ነገርኳቸው። "ለእኔ ብላ?" አሉ። ደግመው፣ "ለእኔ ብላ?"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22
አባባ ጓሮ ቆፍረው ዘይቱን ራሳቸው ቀበሩት። ጣሳውን አጥበው ፀሐይ ላይ ደፉት። ከዚያ ሙንተሃ ጋ ሄድን።

"ለካሰች የምትሰጫትን ስጪኝ" አሏት።

ሙንተሃ ከመደርደሪያው ትንሿን ጠርሙስ አወረደች። "የካሰች ልክ ይቺ ናት፣ ጋሽ ደረሰ።"

አሳው ዛሬ ቀላ ብሎ ወጣ። "ይውጣ? አሁን ይውጣ?" እያሉ አስጨነቁኝ። ጣፋጭ ነበር። አላሳላቸውም።

ከዓይኔ ያልጠፋው ግን መንገዱ ነው። ፌስታል አልፈለጉም። ጠርሙሷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ እስከ ቤት።