ጋሽ ዒብራሂም ድራም ላይ ሲቀመጡ

ዮስያስ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ?

ድሬ ዳዋ ከባንዳችን ጋር ያረፍነው ጃዝ ከሚወዱ ሀብታም ነጋዴ፣ ከጋሽ ዒብራሂም ቤት ነው። ትናንት ስንለማመድ "ድራሙን እኔ ልምታ" አሉ። ምቱን አፍጥነው፣ እኛ ገና ድሬ ሳለን እሳቸው ከከተማው ወዲያ መልካ ጀብዱ ደርሰዋል! ሲጨርሱ ቤተሰቡ ሁሉ አጨበጨበ። ሳክስፎን ተጫዋቻችን ዛኪር፣ የድሬ ልጅ አይደል፣ "አቦ፣ ጥለኸን ሄድክ እኮ! ምቱ ጠፍቶብሃል" አላቸው፤ ያውም አንተ ብሎ! እኛ ሐዋሳ ቢሆን ሻንጣችን ደጅ ይወጣ ነበር። ጋሽ ዒብራሂም ግን ሳቁ።

"ወላሂ፣ የሚያጨበጭብልኝ ሞልቷል፤ ጓደኛ ያገኘሁት ዛሬ ነው። ና አስተምረኝ!"

ይኸው ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ እየተማሩ ነው። ዛኪር "ምነው አጨብጭቤ ዝም ባልኩ!" እያለ ነው።

ካርዱ ጠበበኝ፤ እማማን ሳምልኝ፣ እህትህንም ናፍቀሽዋል በላት።

አቤኔዘር