ሰባተኛው በር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለገና በላክሽልኝ ካርድ ላይ ወገብሽን እንደሚያምሽ ጽፈሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? የጥርስ ክሊኒኩ ሥራስ እንዴት ነው? ያለሽበት በርገን ከተማ አሁንም ሳያባራ ይዘንባል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ተጣልቷል እንጂ ሌላው አካሌ ይሠራል። የምሠራባትን የመንገደኛ ጀልባ ካስረከብኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲሱ መካኒክ አያውቅባትም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሞተሯ ሲያስል እሰማለሁ።

ይህን ያህል ገጽ ጽፌልሽ ስለማላውቅ፣ ሰው ሞተ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። የምጽፍልሽ ስለ ንባብ ነው። አዎ፣ እኔ አባትሽ፣ ስለ ንባብ! ሳቂ፣ ግድ የለም።

ባለፈው ጥቅምት የቤተ መጻሕፍቱ ማሞቂያ ቧንቧ አፈሰሰና ጉንሂልድ ጠራችኝ። ታስታውሻታለሽ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ለዘገየ መጽሐፍ ቤት ድረስ መጥታ በር የምታንኳኳዋ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት የምናብ ዓለም ልቦለድ የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው፣ አሁን እያነበቡ ስላሉት መጽሐፍ ያወራሉ። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ የሚናገር ተራራ፣ ያው ታውቂዋለሽ። ደንባቸው አጭር ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠ ሁሉ የሚያነበውን ይናገራል። አንባቢው ካለበት ገጽ ወዲያ ያለውን ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

ቧንቧውን ጠግኜ ስጨርስ ዋፍል የሚሉትን ትኩስ ኬክ በቡናማ አይብ አቀረቡልኝና ተቀመጥኩ። ለዋፍሉ ብዬ ነው። ዙሩ እኔ ጋ ሲደርስ ጉንሂልድ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና፣ አንተስ ምን እያነበብክ ነው አለችኝ። ራግንፍሪድ የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፣ ምላሷ እንደ መርፌዋ ነው። ተዪው ባክሽ፣ እሱ የሚያነበው የዘይት ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው ብላ አሳቀችብኝ። ደሜ ፈላ! አፌ ቀደመኝና፣ በበረዶ ሥር ስላለች ባለ ሰባት በር ከተማ ነው የማነበው፣ አንዲት ልጅ በእያንዳንዱ በር ለማለፍ አንድ አንድ ትዝታዋን ትከፍላለች አልኳቸው።

ኤስኪል፣ የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር፣ ከመጽሐፉ ብዛት የተነሳ ቤቱ መቀመጫ የሌለው ሰውዬ፣ ይሄ እንዴት አመለጠኝ ብሎ እርሳሱን አወጣ። ርዕሱን ሲጠይቀኝ ረሳሁት አልኩ።

አሁን ገብቶሻል። ልጄ፣ ድርሰትሽን አላቃጠልኩትም።

ያን ቀን ምድጃው ውስጥ የነደደው የድሮ ጋዜጣ ነው። የመርከብ ምህንድስና ትምህርቴን ትቼ ድርሰት ልጽፍ ነው ስትዪኝ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ። ወረቀቶችሽን ከጠረጴዛሽ ላይ በሁለት እጄ አፍሼ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ጠቀጠቅኩና፣ አቃጠልኩት አልኩሽ። ስጠቀጥቅ አንድ ገጽ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ለነጉንሂልድ የነገርኳቸው እሱን ነው። እንድትለምኚኝ ፈልጌ ነበር። ብትለምኚኝ እመልስልሽ ነበር። አንቺ አልለመንሽም፣ በማግስቱ በጠዋቱ ጀልባ ሄድሽ። እኔ እዚያው ጀልባ ላይ፣ ታች ሞተር ክፍል ነበርኩ፤ ወጥቼ አላየሁሽም። ከዚያ በኋላ ዋሽቼሻለሁ ማለት ከበደኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከበደኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰበብ አልደረድርልሽም።

እንግዲህ ከዋሸሁ በኋላ ለሚቀጥለው ረቡዕ የምናገረው ሊኖረኝ ግድ ሆነ። ሳጥኑን ከፈትኩ። አንብቤ ሄድኩና ልጅቱ አራተኛው በር ላይ የእናቷን ዘፈን እንደከፈለች ነገርኳቸው። ራግንፍሪድ ዓይኗን ጠረገች። በሳምንቱ ደግሞ ልጅቱ ያንኑ ዘፈን ለበረዶ ተኩላዎቹ ዘፈነችላቸው አልኩ። ራግንፍሪድ ጠረጴዛውን ደበደበችው! የከፈለችውን ዘፈን ከየት አመጣችው፣ ይሄ ደራሲ የሚጽፈውን አያውቅም እንዴ ብላ ጮኸች። እኔም ብድግ አልኩ። ደራሲዋን እንዳትነኪ፣ ገጾቹን የበታተንኳቸው እኔ ነኝ አልኳት። ጉንሂልድ ቀስ ብላ፣ ደራሲዋ ማን ናት አለችኝ።

ልጄ ናት አልኩ። እንደዚያ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ቃል በሕይወቴ የለም።

የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ራግንፍሪድ የሰደበችኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ይገባኛል። ከዚያ ሳጥኑን አምጣ አለችኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋን፣ ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። አንቺ መቼም የገጽ ቁጥር ብሎ ነገር አታውቂ! ዘዴው የመጣው ከኤስኪል ነው። ልጅቱ በየበሩ የከፈለችውን ዘረዘረና፣ የውሻዋን ስም ካላወቀች ከሁለተኛው በር አልፋለች፣ የዝናብ ሽታ ከጠፋባት ከሦስተኛው አልፋለች እያለ በረሳችው ነገር ደረደረን። ራግንፍሪድ በሆዷ ተኝታ ነው የሠራችው። አንዱ ገጽ ላይ ሁላችንም ንባብ ይዞን እንቀርና ጉንሂልድ፣ ደርድሩ እንጂ አታንብቡ ብላ ትጮህብናለች፤ ዞር ስንል እሷም እያነበበች ነው። አራት ረቡዕ ፈጀ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ገጽ። አንድም አልጎደለም።

ጉንሂልድ በየሳምንቱ ማን ምን እያነበበ እንደሆነ ጽፋ በር ላይ ትለጥፋለች። ባለፈው ወር የስድስት አንባቢ ስም ነበር፤ በስድስቱም ፊት የተጻፈው የአንቺ ስም ነው። ኤስኪል በሠላሳ ዓመት ንባቤ እንዲህ ያለ ከተማ ገብቼ አላውቅም አለኝ። ራግንፍሪድ ከምታነበው ባለ አሥራ አንድ ቅጽ ታሪክ ዘጠነኛው ላይ አቋርጣ ነው ያንቺን የያዘችው። እኔ ደግሞ ረቡዕ ባልሆነ ቀንም ቧንቧ ልይ እያልኩ እሄዳለሁ። ቧንቧው ምንም አልሆነም። እዚያ ወረቀት ላይ ስምሽን አንብቤ እመለሳለሁ። እንዴት እንደምኮራ ልነግርሽ አልችልም።

አንድ ነገር ግን አለ። ድርሰትሽ የልጅቱ አባት፣ የድልድዩ ጠባቂ፣ ልጁ ስትሄድ ዞሮ አላየም ይላል። ሰዎቹ አይወዱትም። እኔ ገጹን ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፍሽው ከመሄድሽ በፊት ነው።

ወረቀቱ የሚያልቀው ሰባተኛው በር ላይ ነው። ልጅቱ እጇን በሩ ላይ አድርጋለች፣ የቀራት ትዝታ አባቷ ብቻ ነው። ከዚያ ባዶ። እንዴት እንደሚያልቅ ስንከራከር ሦስት ሳምንት ሆነን። ኤስኪል ሌላ መንገድ ፈልጋ ታልፋለች ይላል። ራግንፍሪድ ደግሞ፣ ሰውዬውን እንደዚያ ስታብጠለጥለው ከርማ፣ የእሱን ትዝታ ከከፈለችማ የምትመለስበት አይኖራትም ብላ ሽንጧን ገትራ ትከራከራለች። ባለፈው ረቡዕ እኔን ጠየቁኝ።

ሳጥኑን በነገው ጀልባ እልክልሻለሁ። ኤስኪል በእርሳስ ቁጥር ሰጥቶታል። ጉንሂልድ ያለ ደራሲዋ ፈቃድ አንድም ገጽ አይባዛም ስላለች የተባዛ የለም። አንቺ ሳታውቂ ለሰው ማሳየቴ ካስቀየመሽ ለዚህም ይቅርታ። ልትጨርሺው ባትፈልጊም የራስሽ ነው። እነሱ ግን እየጠበቁ ነው፤ እኔም።

የመለስኩላቸውን ልንገርሽና ላብቃ። ትክፈለው አልኳቸው። ሰውዬው ስለተረሳ ምንም አይሆንም፣ ድልድዩ ላይ ሥራ አለው። እሷ በሩ ላይ ቆማ መቅረት የለባትም። ለእሱ ብለሽ እጅሽን እንዳትሰበስቢ ልጄ፣ ትለፍ።

ጤናሽን ይስጥሽ፣ ወገብሽን ያሽርልሽ፣ የጻፍሽበት እጅሽ ይባረክ።

አባትሽ