በጉና ጉም ውስጥ ያነሣሁልሽ ተራ

ለጥሩወርቅ፣ በክርስትና ስምሽ ለወለተ ማርያም፤ ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልኝ።

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልሽ መቆየቴን ስንፍና ብለሽ አትቁጠሪብኝ። ፍትሐትሽን አስፈትቻለሁ፣ አርባሽን አውጥቻለሁ፣ በየወሩም በስምሽ ጸሎት አላስታጎልሁም። ያስታጎልሁት እውነቱን ነው። ስለዚህ ብዕር ያነሣሁት ሐዘኔን ላሰማሽ ሳይሆን በማኅበር ወንድማችን በይርዳው ላይ የሠራሁትን ልነግርሽ ነው። በአንቺ ሞት ምክንያት አንድ ንጹሕ ሰው ዓመት ሙሉ በሐሜት ተቃጠለ፤ እሳቱን የለኮስሁትም እኔ ነኝ።

ነገር ግን አንቺ ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱን ነገር መስማት ትወጂ ነበርና ከዚያው ልጀምር። ቤቱ እንደ እኔው ነው፤ ያፈሳል እንጂ አልወደቀም። «ከክረምቱ በፊት ይመታ» ያልሽኝን የምሥራቁን ቆርቆሮ አላስመታሁትም፤ ክረምቱን ሁሉ ከአልጋችን ራስጌ ሳፋ ተደቅኖ ከረመ። ሐይቁ ዘንድሮ ከልኩ አልፎ ሞልቶ አጥራችን ሥር ደረሰና የተከልሽውን ጌሾ ይዞት ሄደ። የእኅትሽ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አንዲት ደብዳቤ ብቻ ጻፈ፤ እርሷም ደኅና ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። የቀበሌው ስብሰባ እሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ሆኗል፤ የቀረ ሰው የስኳር ተራው ይዘለላል። እኔ ስኳር ትቻለሁ።

ሙት ዓመትሽን መቃብርሽ ላይ ለማድረግ አስቤ ነበር። አንቺ ያረፍሽው ጉና ትከሻ ላይ፣ በዚያች በትንሿ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነውና ከወረዳው ለመውጣት ይለፍ ያስፈልገናል። ማመልከቻዬን ይዤ ሦስት ቀን ቀበሌ ደጅ ተቀመጥሁ። በአራተኛው ቀን ሊቀ መንበሩ አስጠራኝና፣ «ጉና ላይ ምን አላችሁ? ለሽፍታ ስንቅ ልታቀብሉ ነው?» አለኝ።

«መቃብር አለኝ» አልሁት።

«መቃብር የትም አይሄድም። ክረምቱ ይውጣና ይመለሱ።»

ከሁሉ ያንገበገበኝ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። መቃብርሽ የትም አይሄድም። ደግሞ እኔ ያለ ይለፍ እዚህ በታሰርሁበት ሳምንት ሰማዩ እንደ ጥቅምት ብራ ሆኖ ዋለ! አንድ ጠብታ እንኳ አልወረደም። አምና ለአንቺ አንዲት ሰዓት የነፈገው ሰማይ ዘንድሮ ሰባት ቀን ሙሉ በከንቱ አባከነው። በፈጣሪ ሥራ ማጉረምረም ኃጢአት መሆኑን ለሌላው አስተምራለሁ፤ ያን ሳምንት ግን ሳጉረመርም ዋልሁ፣ ሳጉረመርም ሰነበትሁ።

ሰው ሁሉ ክረምት ሲገባ ቤቱ ይከተታል፤ እኛ ግን ክረምት ሲገባ እንወጣ ነበር። ጎረቤቱ፣ «መሪጌታ ዘንድሮም በረዶ ሊሸምቱ ነው?» እያለ ሲዘባበትብን አንቺ ነበርሽ የምትመልሺላቸው፤ «ለእናንተም እናመጣላችኋለን፣ አቁማዳ አውሱን» እያልሽ። አምስት ነበርን። ቄስ ሞላ፣ ጉና ሥር ተወልዶ ያደገ፣ መንገዱን በእግሩ የሚያውቅ። መምህር ታደሰ፣ ጂኦግራፊ ሊያስተምር ከአሰላ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ይርዳው፣ የፋብሪካ መካኒክ፣ ከጽዋ ማኅበራችን ሁሉ ጉልበታሙና ዝምተኛው። ከዚያ እኔና አንቺ። በየዓመቱ በፍልሰታ ጾም ጧፉንና ዕጣኑን፣ የመገበሪያውንም ስንዴ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ይዘን፣ እስከ አንበሳሜ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ ጭነቱን በአህያ አድርገን ሁለት ቀን በእግር።

በመጀመሪያው ዓመት ታደሰ በጉም ውስጥ ግማሽ ቀን ጠፍቶብን ስለ ነበር ቄስ ሞላ ሥርዓት አወጣ። ጉም ሲወርድ በአንድ መስመር ሆነን፣ ዳዊት ተራ በተራ እየደገምን እንድንሄድ። የመዝሙሩን አንድ ቤት ሞላ ከፊት፣ ቀጥሎ ታደሰ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ አንቺ፣ የመጨረሻውን ይርዳው ከኋላ፤ ከዚያ እንደ ገና ሞላ። ድምፁ ያልተሰማ ሰው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል። አንቺ ከአባትሽ ጉባኤ ጥግ ተቀምጠሽ እየሰማሽ በቃልሽ ይዘሽው ነበርና ከእኛ ማንም አያርምሽም ነበር። ታደሰ ግን ለዚሁ ብሎ የተማረው ግእዝ ነውና ይሰባብረው ነበር! «መምህር፣ ንጉሥ ዳዊት ቢሰማህ በገናውን ሰቅሎ ወደ በጎቹ በተመለሰ» ትይው ነበር። እሱም፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔ የምደግመው ልጸድቅ ሳይሆን እንዳልጠፋ ነው» ይልሽ ነበር።

አሁን ወደሚያመኝ ልግባ። ዳገቱ ሲከብድ ትንፋሽ ያጥርሽ ነበር። ተራሽ ደርሶ ድምፅሽ ሲዘገይ ያንቺን ቤት እኔ አነሣልሽ ነበር፤ በወዳጆቻችን ፊት እንዳታፍሪ ብዬ። ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ልማዱ ይኸው ነው። ጓደኛው ሲሰናከል አጠገቡ ያለው ያነሣለታል እንጂ ዜማ አያስቋርጥም። ጉድለትን መሸፈን ከልጅነቴ እንደ ጽድቅ የተማርሁት ነው። አንቺም ስናርፍ፣ «አንቱ ባይኖሩልኝ አፍሬ ነበር» ትይኝ ነበር። ባልንጀሮቻችንም ይህን ያውቁ ነበርና ያንቺን ቤት በእኔ ድምፅ ሲሰሙ አይደነግጡም።

አምና በዚያች ዕለት ጠዋት ቄስ ሞላ፣ «ሰማዩ አላማረኝም፤ እዚሁ ባደርንበት ገበሬ ቤት እንዋል» ብሎ ነበር። አንቺ፣ «ከደጇ ደርሰን ልንቀመጥ?» አልሽ። እኔ ነገሩን ቆረጥሁት፤ «ዛሬ ይጠራል» አልሁ። በዓላትንና አጽዋማትን አስልቶ ለአጥቢያው የሚያሳውቅ ሰው የደመናውንም ጠባይ የሚያውቅ መስሎት ነበር። አንገቴን ቀና አድርጌ እንኳ አላየሁትም። ተነሣን።

የአስታውን ዛፍ አልፈን የውርጭ አገሩ ተክል፣ ጅብራው፣ ከሚጀምርበት ስንደርስ ጉሙ ወረደ፤ በረዶውም ተከተለ። ከኋላ የአህያዋ ጭነት ተንሻፎ ይርዳው ሊያቃና ቆመ። አንቺ በእኔና በእርሱ መካከል ነበርሽ። ሦስተኛውን ቤት፣ የራሴን፣ ደገምሁ። ያንቺ አልተሰማም። ትንፋሽ አጥሯት ነው ብዬ አነሣሁልሽ። ይርዳው ከኋላ ያንቺን ቤት በእኔ ድምፅ ሲሰማ አጠገቤ ያለሽ መሰለውና የራሱን ደገመ። እኔ ደግሞ የእርሱን ስሰማ ከእርሱ ጋር ያለሽ መሰለኝ። እንዲህ ሦስት ዙር ሄድን። ሦስት ጊዜ ቆመን ልንፈልግሽ ሲገባን ሦስት ጊዜ ሸፈንሁት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጉሙ ገለጥ ሲል ዞር አልሁ፤ ከኋላዬ አህያዋና ይርዳው ብቻ ነበሩ።

የጉናው አጥቢያ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ፈለገሽ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ፣ ከመንገዳችን ተገንጥሎ ወደ ታች በሚወስደው፣ ከድንጋይ ጥግ ነጠላሽን ተከናንበሽ አገኙሽ። ብርዱ ነው የወሰደሽ። ጥሩወርቅ፣ ቅሬታዬንም ልንገርሽ። ምነው አንድ ጊዜ ብትጮኺ? ምነው «አንቱ!» ብለሽ ብትጣሪ? ወይስ ተጣርተሽ እኔ ያንቺን ቤት ከፍ አድርጌ ስደግም ጩኸትሽን ዋጥሁት? ይህን የሚነግረኝ የለም።

ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አልመረመርሁም። ሬሳሽ ሲመጣ በሕዝብ ፊት በይርዳው ላይ ዞርሁ። «ከኋላ ያቆምንህ ለምን ነበር? ሚስቴን ለጅብ ጥለህልኝ መጣህ?» አልሁት። ያልሁት ከእኛ ቀድሞ ባሕር ዳር ገባ። በፋብሪካው «ሴትዮዋን የጣለው» ተባለ። ማኅበርተኞቻችን የጽዋ ተራው ሲደርስ ቤቱን ዘለው ወደሚቀጥለው ሄዱ። እኔ ከዚያው ተቀምጬ ጠላዬን ጠጣሁ። ሦስቱን ዙር ያስታወስሁት ገና በአርባሽ ነበር፤ እያወቅሁ ዝም አልሁ።

ይለፉ ተከልክሎ ሙት ዓመትሽን እዚሁ በአጥቢያችን ስናደርግ ግን አልቻልሁም። ለሞላና ለታደሰ ነገርኋቸው። ሞላ አንገቱን ደፋ። ታደሰ ግን ተነሥቶ ቆመ። «መሪጌታ፣ ያ ድምፅ የእርስዎ እንደ ነበር እኔም ሰምቻለሁ! እርስዎ ይርዳውን ሲወቅሱት ግን የማላውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማን መሪጌታን ያርማል?» አለኝ። ማዕረጌን እንዲህ የጠላሁበት ቀን የለም። ሞላ ሽማግሌ እንላክ አለ፤ ሽማግሌውም እኔ፣ በደለኛውም እኔ ነኝና እምቢ ብዬ ብቻዬን ሹም አቦ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ ሄድሁ።

ይርዳው በሩን ከፍቶ ሰማኝ፤ ግባ ግን አላለኝም። ስጨርስ፣ «መሪጌታ፣ በአደባባይ የጫኑብኝን በደጅ ሊያወርዱልኝ መጡ?» አለኝ። ከዚያ በሩን ዘጋው፤ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። መንገዱን ሁሉ በእርሱ ተናድጄ ተመለስሁ። ሽማግሌ ሰው ተዋርዶ ደጁ ድረስ ሲሄድ ይህ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው እያልሁ። ሐይቁ ዳር ስደርስ ንዴቱ አለቀብኝ፤ የቀረው እርሱ ያለው ብቻ ነበር።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ ተናገርሁ። የአንቺን ተራ ማን እንዳነሣ፣ ስንት ዙር እንዳነሣ፣ በማን ላይ እንዳላከክሁት፣ አንድም ሳላስቀር። ካህናቱ መሬት መሬት አዩ። አንዲት ባልቴት፣ «ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጣበት» ስትል ሰማሁ። ይርዳው ከሴቶቹ በር አጠገብ ከሚስቱ ጋር ቆሞ ነበር። እስክጨርስ ጠበቀና፣ «ሰማሁ» አለ። ይህንኑ ብሎ ሄደ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። እኔም ልጠይቀው አፌን አልከፈትሁም፤ የዓመት ሐሜት በአንድ ጠዋት አይታጠብምና።

የማኅበሩ ጽዋ በሚመጣው ወር በእርሱ ቤት እንዲሆን ተወስኗል። እሄዳለሁ። ያስገባኝ እንደሆነ ከሁሉ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፤ ካላስገባኝ እንደ ተነሳሒ ከደጅ ቆሜ ጸሎቱን እቀበላለሁ፤ በሚቀጥለውም ዓመት፣ በሚቀጥለውም።

ለአንቺ የምገባው ቃል ይህ ነው። ስምሽን ሳነሣ አሟሟትሽን እንደ ነበረ አነሣለሁ። «ጉና ወሰዳት» ለሚለኝ ሰው «እኔም ነበርሁበት» እለዋለሁ። ጉድለቴን ሳልሸፍን፣ ሕይወቴ እስክታልፍ እንዲሁ አስብሻለሁ።

ባልሽ