ሐሙስ ያልወጣኋት ዳገት

ሰኞ፣ ሐምሌ 3
እንደ ሁልጊዜው ሦስት ሰዓት ላይ ዳገቷን ወጣሁ። የዝናብ መለኪያው 12 ሚሊሜትር። ጻፍኩ፣ ውሃውን ደፋሁ፣ ወረድኩ። ለዩኒቨርሲቲው ዝናብ ስለካ አስራ አንድ ዓመት... ጉልበቴ አለቀ። ቴክኒሻኑ፣ ሽቦው የምንለው፣ ከእኔ ዕቃ አጠገብ የተከለውን በራሱ የሚለካ ማሽን ሲወለውል አገኘሁት።
"እትዬ፣ የኔዋ ወገቤን አትልም።"
"ወሬም አታውቅም" አልኩት። ሳቀ። የማሽኑ የወር ቁጥር ከእኔ ቁጥር ጋር ከገጠመለት ውሉ ይታደስለታል። ሦስት ልጆች አሉት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 6
ጉልበቴ አብጦ አደረ። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ቢጤ ሰምቻለሁ... ሳልወጣ 3 ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን ምን አላት?

ዓርብ፣ ሐምሌ 7
መለኪያው ውስጥ 31! ከትናንት ጠዋት ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። እኔ ቤት ሲያካፋ ለካ ዳገቷ ላይ ዶፍ ወርዷል። አሁን 31 ብል ትናንት መቅረቴ ሊታወቅብኝ... ደፋሁት። ዜሮ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 11
መዝገባችንን የምትቆጣጠረው የዩኒቨርሲቲው መምህርት ተማሪዎቿን ይዛ መጣች። ሁለቱን መዝገብ አስተያየች። ሐሙስ፣ ማሽኑ 31፣ እኔ 3።
"እትዬ ተሳስተው አያውቁም። ይሄ ዕቃ ይነቀል" አለች።
"ኧረ ሦስቴ ፈትሼዋለሁ!" አለ ሽቦው። ተማሪዎቹ ሳቁበት። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።
ምሳም አልበላልኝ አለ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 12
ቢሮዋ ሄጄ ቁጭ ሳልል ነገርኳት።
"ሌላ ቀንስ እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?"
"ልጆቼን! አላደረግኩም።"
"ላምንዎት እፈልጋለሁ" አለች። አመንኩዎት አላለችም። የአስራ አንዱን ዓመት መዝገብ አስመጥታ ጠረጴዛዋ ላይ ከመረችው።
ማሽኑ አይነቀልም። ሽቦው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "ባይነግሯትስ ኖሮ?" ብቻ ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 24
መዝገቦቼ እስካሁን እሷ ዘንድ ናቸው። በአዲስ ደብተር ነው የምጽፈው። ጉልበቴ ዛሬም እምቢ አለ። "አልተለካም። ጉልበቴን አሞኝ አልወጣሁም" ብዬ ጻፍኩ።
ስልክ ጮኸ። ሽቦው! ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታም አልነበረን።
"እትዬ፣ ዳገቷ ላይ አጣሁዎት። የኔዋ 14 ትላለች፣ ይጻፉት።"
"ያንተን አንተ ጻፍ። የኔው ባዶ ነው።"
ስልኩን ዘጋው ስል...
"ጉልበትዎን ምን ቀቡት?" አለኝ።