የበላይነሽ ጋቢ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወልደአማኑኤል፤ ቡልጋ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እትዬ እልፍነሽስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደኅና ነው፤ ልቤን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ይህን ቃል የሚጽፉልኝ መሪጌታ ሐዲስ ናቸው። አሳጥሪው እያሉ ይቆጡኛል፣ እኔም እንዳልሰማ ሆኛለሁ።

«ልጅሽን በላይነሽን ወደኛ ስደጃት» ብለው በነጋዴው የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ልጅቷ ተከፍታለች የተባለው እውነት ነው። ጥፋቱ ግን የእንጀራ አባቷ የወዬሳ አይደለም፣ የእኔ ነው።

ወዬሳን ካገባሁ ጀምሮ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ለሴት ልጁ ለቡዜ ክፉ የእንጀራ እናት ሆነች መባልን። ስለዚህ ለሁለቱ ሁሉን እኩል አደረግሁ። ቀሚሳቸውን ከአንድ ጣቃ አቡጀዲ አሰፋሁ፣ ሹሩባቸውንም በአንድ ቀን ሠራሁ። ጎረቤት ሲያመሰግነኝ ጊዜ ደግሞ አበዛሁት። የጥቅምት ብርድ ሲገባ፣ በላይነሽ ከሟች አባቷ የቀራትን ጋቢ አውጥቼ በእንዶድ አጠብሁት፤ ስፌቱንም ፈትቼ አራቱን ድርብ ሁለት ሁለት አካፈልኋቸው። ደስ አለኝ፣ ሞኟ!

በላይነሽ አላለቀሰችም። ድርሻዋን አጣጥፋ ለቡዜ ሰጠቻት። ቡዜ ደግሞ የሞተ ሰው ልብስ እፈራለሁ ብላ አንዱንም አልነካችም። ወዬሳ ገበያ ወርዶ ለልጁ ሌላ ገዛላትና «መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። ጋቢውን እንደነበረ ሰፍቼ ለበላይነሽ ሰጠኋት። አሸተተችና «ይኼ የአባዬ አይደለም» አለችኝ። ስፌቱስ ተመለሰ፤ በእንዶድ ያጠብሁትን በምን ልመልሰው? ከዚያ ወዲህ ከቡዜ ጋር አትጫወትም፣ እኔንም ቀና ብላ አታየኝም።

መልእክትዎ ሲደርሰኝ አጠገቤ አስቀምጬ፣ አጎትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ ወይ፣ ልጆቹ እነ ሸዋወርቅ አሉልሽ አልኋት። «ከእነሱ ጋርስ ምን እካፈላለሁ?» አለችኝ።

እንግዲህ አልሰድዳትም፤ ያስቀየምኋት እኔ ነኝና እኔው ዘንድ ትቆይ። ለጥምቀት ሲመጡ ግን ለሁለቱ ብለው አንድ ዓይነት ነገር አያምጡ። አባቷን ከልጅነቱ ያውቁታልና፣ የሚያውቁትን ሁሉ ለብቻዋ ያጫውቷት። ያንን እንኳ እኔ ለሁለት ልከፍልባት አልችልም።

እትዬ እልፍነሽን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ሸዋወርቅን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወዬሳ በቋንቋው «አካም» ብሎ ሰላም ይልዎታል፤ ቡዜም አጎቴን ሰላም በሉልኝ ብላለች። በላይነሽ ገና ምንም አላለችም።

ታናሽ እህትዎ አበዛሽ
አዳማ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓመተ ምሕረት